እትዬ ወለተሥላሴ እና የምሕረት ክንድ

የትኛውም ሰፈር ብትገቡ፣ ሳይጠሯት መጥታ የምታክም አንዲት ጎረቤት አትጠፋም። ሚዛን ተፈሪ ላይ ይህን ሹመት የያዙት ክብርት እትዬ ወለተሥላሴ ናቸው። ለራስ ምታት ዳማከሴ፣ ለሆድ ቁርጠት ጤናዳም፣ ለልብ ስብራት ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ያዛሉ። «እኔን ስሙኝ!» ካሉ አለቀ፤ ይግባኝ የለውም።

ከአጥራቸው ወዲህ የምትኖረው ምሕረት ሹሩባ ሠሪ ናት። አንድ ክረምት ከቴፒ ስትመለስ የተሳፈረችበት ሞተር ጭቃ ላይ ተንሸራቶ በትከሻዋ ወደቀች። ቁስሉ ዳነ፤ ቀኝ ክንዷ ግን ገመድ ላይ እንደተሰጣ እርጥብ ልብስ ተንጠልጥሎ ቀረ። የሚያስቆጨው ጣቶቿ ደህና መሆናቸው ነው፤ ሰው ራስ ላይ የሚያደርሳቸው አጡ እንጂ። በረንዳ ላይ ተቀምጣ የአላፊ አግዳሚውን ፀጉር በዓይኗ ትከፋፍላለች። ጣቶቿ ጭኗ ላይ የነጠላዋን ዘርፍ ይጎነጉናሉ።

ጤና ጣቢያ «ነርቭ ነው» ቢባልም፣ እትዬ ወለተሥላሴ በነርቭ አያምኑም። «ውልቃት ነው፣ እኔን ስሚኝ» እያሉ በቅቤ አሹ፣ ወጌሻ አመጡ። አልሆነም። በመጨረሻ አዲስ አበባ ድረስ ተከትለዋት ሄዱ።

«ነርቩ ተበጥሷል» አለ ሐኪሙ። «ከጎድኖችሽ መካከል የመተንፈሻ ነርቭ ወስደን ክርንሽን ከሚያጥፈው ነርቭ ጋር እንሰፋዋለን። ከዘገየን ግን ጡንቻው ይሟሽሻል።»

ምሕረት ፈርታ ወደ እትዬ ዞረች።

«ከጎድን?» አሉ እሳቸው፣ ሐኪሙን ከላይ እስከ ታች እያዩ። «እግዚአብሔርም ሴትን የሠራው ከጎድን ነው። ይሁን፣ ፈቅጃለሁ!»

ከቀዶ ጥገናው በኋላ፣ ወደ ውስጥ እየተነፈሰች ክርኗን ለማጠፍ እንድትሞክር ታዝዛ ተመለሰች። ነርቭ የሚያድገው ቀስ እያለ ነው። ቡናው አበበ፣ ቀላ፣ ተለቀመ፤ ክንዷ ንቅንቅ አላለም።

«በቃኝ፣ እትዬ» ብላ አለቀሰች።

«ምን በቃኝ ትያለሽ! ተንፍሺ!» ብለው አብረዋት አየር ቢስቡ፣ የሹራባቸው ቁልፍ ተፈናጥሮ የተኛችውን ድመት አናቷን አላት። ድመቷ አጥር ዘላ ጠፋች። ምሕረት በሳቅ ፈረሰች፤ ትንፋሽ አጥሯት አየሩን በረጅሙ ስትስብ፣ ክርኗ እጥፍ አለ።

ሁለቱም ደነገጡ። እትዬ ወለተሥላሴ የሚያዙት መድኃኒት ጠፍቷቸው፣ ክንዷን እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው ተንሰቀሰቁ።

ዛሬ ምሕረት ትከሻዋ ብዙ ስለማይነሳላት ደንበኞቿን ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ እያስቀመጠች ትሠራለች። እትዬ ወለተሥላሴ ግን ማጂ፣ ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል። ከአጥሩ ወዲያ ጭር ብሏል። ዝናብ ጥሎ ደንበኛ ሲጠፋ፣ ምሕረት ስልኳን በቀኝ እጇ ወደ ጆሮዋ ታነሳለች።

«እትዬ፣ ጉሮሮዬን እያመመኝ ነው።»

«ምን በልተሽ ነው? ቆይ፣ መነጽሬን ላድርግና ልይሽ!»

ምንም አያማትም። ዓይኗን ጨፍና ትሰማቸዋለች።