የሊቀ ሽቦ ጆሮ

ገመድ አልባ ኢርፎን ከመጣ ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ እምቢ ባይ አለ። እናንተም ጋ አለ። ሰው ሁሉ ሁለት ፍሬ ነገር ጆሮው ውስጥ ወትፎ ሲሄድ፣ እሱ ግን ከአንገቱ እስከ ኪሱ የተንጠለጠለውን ሽቦ እንደ ኒሻን ለብሶ ይዞራል። ሳትጠይቁት ያስረዳችኋል፤ ከጠየቃችሁትማ ምሳችሁ ይቀዘቅዛል።

የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት በአንድ ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት ይህን ማዕረግ የያዙት ጨርቅ ቆራጩ ናቸው። ስማቸው ከተረሳ ቆይቷል። በሌሉበት «ሊቀ ሽቦ»፣ ፊት ለፊት ደግሞ «ጋሼ» ይባላሉ። ከመቁረጫ ጠረጴዛቸው አጠገብ የምትቀመጠው ቁልፍ ሰፊዋ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ የሰማችው አንድ ቃል ነው፦ «ሽቦ አይከዳም!»

ዋናው ባላንጣቸው ካውያ ተኳሹ ነበር፤ ገመድ አልባ ከገዛ ጀምሮ ሰው የሆነ የሚመስለው ጎልማሳ።

«ጋሼ፣ ዘመኑ እኮ ጥሎዎት ሄደ» ይላቸዋል።

«ባትሪው ሲያልቅ ይመለሳል። እዚሁ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።»

አንድ ቀን የተኳሹ የግራ ጆሮ ፍሬ ወደቀና ጠፋ። ቤቱ በሙሉ በእንብርክኩ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ቢፈልግ የለም። በኋላ ሲታሰብ፣ ታጥፈው ከወጡት ስልሳ ሱሪዎች በአንዱ ኪስ ተሸሽጎ ትምህርት ቤት ገብቷል። ሊቀ ሽቦም ምሕረት አያውቁም፤ በየጠዋቱ ኮታቸውን ሳያወልቁ «እሺ፣ ልጁ ስንተኛ ክፍል ደረሰ?» ብለው ይጠይቁታል።

የእሳቸውም ተራ ደረሰ። ሽቦው ከጨርቁ መሐል ገብቶ ኖሮ፣ በዚያ የተመሰከረለት መቀሳቸው ከሃያ ድርብ ጨርቅ ጋር ቀጭ አደረጉት። ሊቀ ሽቦ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሁለቱን ጫፎች አገጣጥመው በሰማያዊ ፕላስተር ጠቀለሉ፣ ጆሯቸው ውስጥ መልሰው ከተቱና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዲያውም ድምፁ ጠራ!» ተኳሹ ሲስቅ አንድ ኮሌታ አሳረረ።

ሽቦው ጆሯቸው ላይ ከሆነ ደግሞ ለማንም አይመለሱም። የስፌት ቤቱ ባለቤት እትዬ ሦስት ጊዜ ቢጠሯቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። በዚህም የተነሳ የሆድ ምስጢር ሁሉ የሚወራው እሳቸው ጠረጴዛ ጥግ ሆነ። ተኳሹ ከእጮኛው ጋር የሚጣላው እዚያ ነው፤ የሚታረቀውም እዚያው።

ቁልፍ ሰፊዋም አንድ ከሰዓት እዚያ ቆማ ለእህቷ ደወለች። የልጇ መዋያ የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት፣ ሥራ የሚያልቀው አሥራ አንድ ተኩል ነው። ባሏ ጠዋት ቢያደርሰውም ማታ አይደርስለትም። እትዬ ደግሞ፣ ሌላ ቀን ከሰዓቷ በፊት ብትወጣ እንዳትመለስ ነግረዋታል።

«ምን ይዋጠኝ፣ እህቴ? ልጅሽን ወይም ሥራሽን ምረጪ ነው እኮ የተባልኩት» አለች፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። ሊቀ ሽቦ ጠመኔያቸውን ይዘው ራሳቸውን በምት ይነቀንቃሉ።

በማግሥቱ ጋሼ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ጣሉ። «እትዬ፣ እኔ እንዲህ ሆኜ አልሠራም! በማለዳ ገብቼ የቆረጥኩትን ለይቶ የሚያስርልኝ ሰው የለም። ይቺ ቁልፍ ሰፊ ከእኔ ጋር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ትግባልኝ። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ብትወጣ ምን ይጎድላል?»

እትዬ አጉረመረሙ፤ ግን ትምህርት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው ከቆራጭ ጋር የሚጣላ የለምና እሺ አሉ። ተኳሹ «ይኼ ሰውዬ ለራሱ ሲል ከእንቅልፍሽ ነጠለሽ አይደል?» ብሎ አዘነላት። እሷ ግን ቀኑ ወጣልኝ ብላ፣ በአጋጣሚው እየተገረመች ልጇን በሰዓቱ ትወስድ ጀመር።

እንዲህ እያለ ቆይቶ ባለፈው ሳምንት ጋሼ ጥቅል ጨርቅ ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ ሽቦው ከኪሳቸው ሾልኮ ወጣ። ጫፉ አየር ላይ ተወዛወዘ። ስልካቸው፣ ዓምና ልጃቸው የገዛችላቸው አዲሱ፣ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ቁልፍ ሰፊዋ ሽቦውን ልትሰካላቸው ስልኩን አነሳች። ከላይ አየች፣ ከታች አየች፣ ዙሪያውን ዳበሰች። ቻርጅ ከሚደረግበት ጠፍጣፋ ቀዳዳ በስተቀር ሽቦው የሚሰካበት የለውም። ያ ሽቦ ዓመት ሙሉ ከምንም ጋር አልተገናኘም ነበር።

የጠራው ድምፅ ታወሳት። ከዚያ አሥራ አንድ ሰዓት ታወሳት፤ በማግሥቱ የተወረወረውም መቀስ። ሰውዬው አንጀቷን በሉት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ይኼኔ ተኳሹ የሱሪ ክምር ታቅፎ ወደ እነሱ መጣ። እሱ ካየ ሊቀ ሽቦ አለቀላቸው፤ ከእንግዲህም እዚያ ጥግ ማንም ሆዱን አይገልጥም። ቁልፍ ሰፊዋ ስልኩን አስቀመጠችና የሽቦውን ጫፍ ቀልጠፍ ብላ ኪሳቸው ውስጥ መለሰችው።

ጋሼ ቀና ብለው አዩዋት።

«ጋሼ፣ ትንሽ ቀንሱት እንጂ» አለች ጮክ ብላ። «ዘፈኑ እዚህ ድረስ ይሰማል።»

ጋሼ ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። ከዚያ ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ፣ እጃቸውን ቀስ ብለው ባዶ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና በአውራ ጣታቸው የሆነ ነገር ቀነሱ።

«አሁንስ፣ ልጄ?»

«አሁን ደህና ነው።»