ከግራ ወደ ቀኝ የሚበር ጀግና

ጋሽ ኪዳነወልድ በየማለዳው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ፤ ሌላ ሰው እንዳይነካው በታዘዘ ፎጣ ያደርቃሉ፤ ከዚያ የሳሎኑን ቡፌ በቁልፍ ከፍተው አንድ መጽሔት በሁለት ጣት ያወጡና አሽትተው ይመልሳሉ። አያነቡም። ውሃ ደስ ሲለው ብቻ በሚመጣበት ከተማ አንድ ጆግ ሙሉ ለዚህ ይፈስሳል። ባለቤታቸው እትዬ ሥርጉት ባዶውን ጆግ እያዩ፣ "ለቅዳሴም እንዲህ ታጥቦ አያውቅ" ይላሉ።

ሰብሳቢ የሌለበት ሰፈር የለም። አንዱ ቴምብር፣ አንዱ የድሮ ራዲዮ፣ አንዱ የሰዓት ሬሳ ይሰበስባል። የሁሉም ሥራ ግን አንድ ነው፦ ሰው እንዲደሰትበት የተሠራን ነገር ከሰው መጠበቅ። የእኛ ጎረቤት የሚጠብቁት በልጅነታቸው የተማረኩባቸውን፣ ካባ ለብሶ የሚበር ጀግና ያለባቸውን የሥዕል መጽሔቶች ነው። በላስቲክ ተጠቅልለው፣ የብል መድኃኒት ተደርጎባቸው፣ ለእንግዳ ሳህን በተገዛው ቡፌ ውስጥ ተደርድረዋል። ሳህኑ አልጋ ሥር ነው። እንግዳ ሲመጣ እትዬ ሥርጉት ተንበርክከው ከአልጋ ሥር ብርጭቆ ይፈልጋሉ፤ ክቡርነታቸው ደግሞ ስላልታጠፈ የሽፋን ጥግ ያስረዳሉ።

"እንዲህ ያለ በአፍሪካ የለም" ይላሉ። አፍሪካን ማን ዞሮ እንደቆጠረላቸው አይታወቅም። እጅ የሰደደ ሰው ካለ "በዓይን! በዓይን!" ብለው ይጮኻሉ። የልጅ ልጃቸው ከቡፌው ፊት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ መቆም የተማረችው መራመድ በጀመረች ሰሞን ነው።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። መጽሔቶቹ የተጻፉት በዓረብኛ ነው። ከአብዮቱ በፊት አንድ የጨርቅ ነጋዴ ከኤደን ወደብ ሲመለሱ ለልጃቸው ለሐሊማ ያመጡላት ነበር፤ እሷ ስትጨርስ ለጎረቤቷ ልጅ ለኪዳነወልድ ታቀብላለች። ሐሊማ መድረሳ ፊደሉን ተምራለች። ኪዳነወልድ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነበር፤ የሚያውቀው ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ ነው። ስለዚህ መጽሔቱን በለመደው በኩል ገልጦ፣ ከመጨረሻው ሥዕል ተነስቶ ወደ መጀመሪያው ያነበዋል። ሃምሳ ዓመት እንዲሁ አነበበ። ጥጉ አልታጠፈም የሚባልለት የፊት ሽፋንም የኋላው ነው፤ የሳሙና ማስታወቂያ አለበት።

በዚህ አነባበብ ጀግናው ጉደኛ ሰው ነው። ሕፃናትን ተሸክሞ የሚነድ ቤት ውስጥ ያስገባና ጥሏቸው ይበራል። ከባንክ ወርቅ ተቀብሎ ለሌባ ያስረክባል። ጋሽ ኪዳነወልድ ይህን ሲያብራሩ ቅንጣት አይደናገጡም። "እሳቱ ፈተና ነው፤ ወርቁ የሕዝብ ነው።" በደርግ ጊዜ በቀበሌ የውይይት ክበብ ይህችን የወርቅ ትንታኔ አቅርበው ተጨብጭቦላቸዋል። በመጨረሻ ጀግናው ካባውን ያወልቃል፣ መነጽር ያደርጋል፣ ቢሮ ገብቶ ወረቀት ያገላብጣል። እሳቸው ዘንድ የጀግንነት ጫፍ ይኸው ነው። ስለዚህ አድገው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኑ፤ ዓይናቸው ጤነኛ ሳለ መነጽር ገዙ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከሁላችን በላይ እንደደረሱ እርግጠኛ ነበሩ።

"ኧረ ከቀኝ ነው የሚነበበው" ያላቸው ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፦ "ሥዕል ቋንቋ የለውም!"

ይህ መልስ ያልበገራቸው እትዬ ሐሊማ ብቻ ናቸው። ዛሬ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም ይሸጣሉ፤ የተከታታዩ የመጨረሻ መጽሔትም እሳቸው ዘንድ ነው። በልጅነታቸው በዚሁ ነገር ተጣልተው ከልክለዋቸዋል። ቅድመ ሁኔታው እስከ ዛሬ አልተለወጠም፤ ሰው ፊት "ከቀኝ ነው" ይበል። ጋሽ ኪዳነወልድም አላሉም። ቡፌው ውስጥ ለዚያ መጽሔት የተተወ ባዶ ቦታ አለ፤ እትዬ ሥርጉት አንዴ የጨው ዕቃ ቢያስቀምጡበት ቤቱ ሳምንት ሙሉ ተኮራርፏል።

በዚህ ሳምንት ወሬ መጣ። እትዬ ሐሊማ ሱቁን ለቀው ቅዳሜ ድሬዳዋ ልጃቸው ጋ ሊገቡ ነው፤ በቤቱ ያለውን አሮጌ ወረቀት ሁሉ ለለውዝ መጠቅለያ እየሰጡ ነው። ጋሽ ኪዳነወልድ ይህን ሲሰሙ ያለ ባርኔጣ ከቤት ወጡ፤ እንዲያ ሆነው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

"ና፣ ምስክር ትሆነኛለህ" አሉኝ። ሊሸነፍ የሚሄድ ሰው ምስክር ሲጠራ ሳይም የመጀመሪያዬ ነበር።

"አህለን! ጀግናው መጣ" አሉ እትዬ ሐሊማ ከሚዛናቸው ቀና ሳይሉ።

"መጽሔቱ አለ?"

"አለ። ቃሉስ?"

"ሐሊማ፣ እኛ እኮ አርጅተናል።"

"አርጅተህ ይሆናል። እኔ ሥራ ላይ ነኝ። በል!"

በርበሬ ሊገዙ የቆሙ አንዲት ሴት ወደ እኔ ዞረው "ምን እንዲሉ ነው?" አሉኝ። የእሳቱን ፈተናም ጨምሬ ነገርኳቸው። "በቃ? ይኸው ነው?" አሉና የተመዘነላቸውን ረስተው ቆሙ።

ጋሽ ኪዳነወልድ ሳል ሳል አሉ። የሱቁን ጣራ አዩ። "ከቀኝ ነው" አሉ።

"ወላሂ አልሰማሁም።"

"ከቀኝ ነው! ከቀኝ! ያኔም ከቀኝ ነበር!"

እትዬ ሐሊማ ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። መጽሔቱን ከመደርደሪያ አውርደው፣ አቧራውን በነጠላቸው ጠርገው፣ "ተቀመጥ" አሏቸው። ከቀኝ ጀምረው፣ ሥዕሉን በጣታቸው እያሳዩ፣ ዓረብኛውን ወደ አማርኛ እየመለሱ አነበቡ። ጀግናው ቢሮ ተቀምጧል። ጩኸት ሰማ። ካባውን ለበሰ። ሕፃናቱን ከእሳት አወጣ። ጋሽ ኪዳነወልድ እዚህ ላይ "እህ" አሉ። ወርቁን ለባንኩ መለሰ። ከዚያ በጥይት ተመታ። የመጨረሻው ሥዕል መቃብር ነው፤ ድንጋዩ ላይ ካባው ተጥሏል።

"ሞተ እንዴ?"

"ሞተ" አሉ እትዬ ሐሊማ። ሃምሳ ዓመት የጠበቁት ድል ይህን ያህል የሚያስከፋ አልመሰላቸውም ነበር መሰለኝ። "እኔም ያኔ አልቅሻለሁ።"

ጋሽ ኪዳነወልድ የመቃብሩን ሥዕል በጣታቸው ነኩ። "ሐሊማ፣ ከግራ አንብቢው።"

"አሁን ከቀኝ ነው አላልክም?"

"ብያለሁ። አንብቢው።"

"ያ አላህ" አሉ፤ መጽሔቱን ገለበጡት። ጀግናው ከመቃብር ተነሳ። ጥይቱ ከደረቱ ወጥቶ ወደ ሽጉጡ ገባ። ወርቁን ለሌባው ሰጠ። "ሕፃናቱንም" አሉ እትዬ ሐሊማ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ "እሳት ውስጥ መለሳቸው።"

"ይፈተኑ!" አሉ የበርበሬዋ ሴትዮ።

ከዚያ ካባውን አወለቀ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ደህና ሆኖ ቢሮው ተቀመጠ። ማንም ከሱቁ አልወጣም። "እንደገና ይነበብ" ያልኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሽ ኪዳነወልድ በየከሰዓቱ የቀሩትን መጽሔቶች በዘንቢል ይዘው ወደ ጊደር መጋላ ይወርዳሉ፤ እትዬ ሐሊማ በሁለቱም በኩል ያነቡላቸዋል። የድሬዳዋው ሚኒባስ ቅዳሜ ጠዋት ይነሳል።