ጋባ ላይ የሞትኩ ቀን ወጥ እያማሰልኩ ነበር

የሞቴን ዜና የሰማሁት ዛሬ ጠዋት በገዛ ቤቴ በር ላይ፣ ማማሰያ እንደያዝኩ ነው።

ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔ ግን እየተጣደፍኩ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ።

ዛሬ የማኅበር ተራዬ ነበር። እንግዶቼ የተጠሩት ለሰባት ሰዓት ነው። አራት ሰዓት ገደማ ወጡ ላይ ቆሜ ሳለሁ ከግቢው የለቅሶ ድምፅ ሰማሁ።

በሩን ከፈትኩ።

የማኅበሬ ሴቶች በሙሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ዓይናቸው በርበሬ መስሏል። አከራዬ ትርፍ ቁልፍ ይዛ ከፊት ናት። ሰብሳቢያችን ጋሼ መኮንን ከኋላ ኮፍያቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል።

ከአገር ርቃችሁ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ሰው ሳይጠራ ተሰብስቦ፣ ነጠላ አዘቅዝቆ ደጃችሁ ላይ ከቆመ ሌላ ትርጉም የለውም። መርዶ!

እናቴ!

ማማሰያውን ወርውሬ «እናቴን! እናቴን!» እያልኩ ወጣሁ።

እነሱ ከእኔ ብሰው ጮኹ። ጓደኛዬ ሰብለ «በስመ አብ!» ብላ አከራዬ ላይ ወደቀች።

«ንገሩኝ! እናቴ ናት አይደል?»

«አንቺ ነሽ!» አለች ሰብለ፣ ከወደቀችበት።

«እኔ ምን ሆንኩ?»

«ሞተሻል!»

ታዲያ ምን ብል ጥሩ ነው? «ተመስገን! እኔ ነኝ እንዴ!» አልኩ። እውነቴን ነው። እናቴ አለመሆኗን ስሰማ የራሴ ሞት ቀለለኝ።

ሰብለ ጣቷን ዘርግታ ጉንጬን ነካ አደረገችና «ትሞቃለች!» ብላ ለሌሎቹ ሪፖርት አቀረበች።

እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ልንገራችሁ።

ከስድስት ወር በፊት ትራያትሎን የሚባል ነገር ጀመርኩ። መዋኘት፣ ከውሃ ወጥቶ ብስክሌት፣ ከብስክሌት ወርዶ ሩጫ። በተከታታይ! ማን አስገደደሽ አትበሉኝ። የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ሲመዘገቡ እኔም ስሜን ጻፍኩ። ከዚያ ወደድኩት።

ከማኅበሬ ግን ደበቅኩ። አንድ ቀን ከሰብለ ጋር ታክሲ ውስጥ ሆነን ሄልሜት ያደረገች ሴት በብስክሌት አለፈችን። ሰብለ ከንፈሯን መጠጠች። «ምስኪን! ያጣችው መኪና ነው ባል?»

እኔ ሁለቱም የለኝም። ወሬ ቀየርኩ።

ልብ በሉ፣ አልዋሸሁም! ጠዋት የት ነበርሽ ሲሉኝ «ወጣ ብዬ ነበር» ነው የምለው። ክርስትና ላይ ሳህን እንደያዝኩ አንቀላፋሁ፤ «ሥራ በዝቶባት ነው» አሉልኝ፤ እኔ አላልኩም። በጾሙ ስሰግድ ደግሞ ከብስክሌቱ የተነሳ ጭኔ እሳት ሆኖብኝ እንባዬ ይወርዳል። አንዲት እናት አዩኝና «እንዲህ ያለውን እንባ ለእኔም ይስጠኝ» አሉ።

አሜን አልኩ! ምን ልበል?

የንስሐ አባቴ ይህን ካነበቡ፦ አውቃለሁ አባ፣ እመጣለሁ።

ታዲያ የመጀመሪያ ውድድሬና የማኅበር ተራዬ አንድ ቀን ላይ ዋሉ።

ሌላ ሰው አንዱን ይተዋል። ጥንቁቋ እኔ ግን ፕላን አወጣሁ። ውድድሩ ጋባ፣ ሐይቁ ዳር ነው፣ አንድ ሰዓት ይጀምራል፤ አራት ሰዓት ላይ ቤቴ ነኝ። ወጡን ዓርብ ሠራሁት፤ ጾም ስለሆነ ጨዉን ሳልቀምስ፣ በጸሎት ብቻ። የቤቴ ቁልፍ እንዳይጠፋ በመርፌ ቁልፍ ከዋና ልብሴ ውስጥ ሰካሁት። ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን የዋና ልብስ ነው፤ ለሚያሳስባችሁ።

የምዝገባው ፎርም ላይ «አደጋ ቢደርስ ለማን እንደውል?» ይላል። ከማውቃቸው ሁሉ ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ማን ነው? ጋሼ መኮንን! ከአጎቴ ጋር አዲስ አበባ አብረው የሠሩ፣ እንደ አባት የሚያዩኝ ሰው ናቸው። ሳልነግራቸው ስልካቸውን ጻፍኩ።

ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቺፕ አሰሩልኝ። ውሃ ስንገባ ይመዘግባል፣ ስንወጣ ይመዘግባል። አስተባባሪው ደጋግሞ ተናገረ፦ «ካቋረጣችሁ ሳትነግሩን እንዳትሄዱ! እባካችሁ!»

እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ጎበዝ ተማሪ!

ከዚያ ውሃው።

ገንዳ ውስጥ ስለማመድ ከሥሬ ሰማያዊ ሰድር ይታየኝ ነበር። እዚህ ከሥር ምንም የለም። ጥቁር አረንጓዴ ብቻ። እጄን ስዘረጋ የራሴ እጅ ይጠፋብኛል። አንዱ በእግሩ ፊቴን መታኝ። አንድ ጉንጭ ሐይቅ ዋጥኩ። ደረቴ ላይ ሰው የቆመብኝ መሰለኝ። ከዚያ አንድ ለስላሳ ነገር እግሬን ዳሰሰኝ፤ ሣር ይሁን ሌላ፣ እሱ ይወቀው።

«አቡነ ዘበሰማያት» ብዬ ጀመርኩና መሃሉ ጠፋኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምደግመው ጸሎት!

በትንሽ ጀልባ የሚጠብቀን ሰው ቀዝፎ መጣና «ማዳም፣ ደህና ነሽ?» አለኝ።

«ፋይን! ፋይን!» አልኩት።

እየሞትኩ! የእኛ ሰው ይሉኝታ ውሃ ውስጥም አይሰምጥም።

ከሌሎቹ ተገንጥዬ ወደ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎች ተፍጨረጨርኩ። አቅሜ አለቀ። ነፍሴን ለፈጣሪ ሰጥቼ እግሬን ለቀቅኩት።

መሬት ነካ።

ውሃው ወገቤ ድረስ ነበር።

አንዲት ዓሣ ሻጭ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀችብኝ። ከዚያ አዘነችልኝና መደረቢያዋን አለበሰችኝ። ያን ጊዜ ማሰብ የቻልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወደ አስተባባሪዎቹ ተመልሼ፣ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ሁሉ እየሰሙ፣ «ፈርቼ ወጣሁ» ማለት። አልቻልኩም። ብስክሌቴን በኋላ አስመጣለሁ ብዬ ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ላይ ወጣሁ።

ሹፌሩ ዞር ብሎ «ኛቦ» አለኝ፣ እመቤቴ እንደማለት፤ «ዝናቡ አንቺ ላይ ብቻ ነው የዘነበው?»

ናሙዎንጎ ሰፈር ቤቴ ገባሁ፣ ታጠብኩ፣ የትናንቱን ወጥ ጣድኩ፣ ለሰላጣው ሽንኩርት ከተፍኩ። ስልኬስ? ብስክሌቴ ሥር፣ ቦርሳዬ ውስጥ። ቺፑስ? ቁርጭምጭሚቴ ላይ። አየሁት እኮ! «ከማኅበሩ በኋላ እመልሰዋለሁ» አልኩ።

እንግዲህ አስቡት። እኔ ሽንኩርት ስከትፍ ውድድሩ ቆሟል። ቺፕ ገብቷል፣ አልወጣም። ጋሼ መኮንን ተደውሎላቸው ጋባ ደርሰዋል። ስልኬ ላይ ሲደውሉ ባለቤት ከሌለው ብስክሌት ሥር ጮኸ። ጫማዬን ታቅፈው አለቀሱ አሉ።

ወደ ደጄ ልመልሳችሁ። እልል ተባለ። እየሳሙ መቱኝ፣ እየመቱ ሳሙኝ። ጋሼ መኮንን ብቻ ኮፍያቸውን አልመለሱም።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ልጄ… አጎትሽ ጋ ደውያለሁ።»

እልልታው ቀጥ አለ።

«መቼ?»

«ከደወልኩ አንድ ሰዓት አልፎታል።»

እናቴ ደም ግፊት አለባት። ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም።

የእናቴ ታናሽ ወንድም የሆነው አጎቴ ያላቸው ይህን ነው፦ ነገ ማለዳ ሽማግሌ ይዤ ሄጄ አረዳታለሁ፤ እስከዚያ ከሌላ ሰው እንዳትሰማ ስልኳን አስወስዳለሁ። ትክክል ነው! ወጉ ነው! እኔም ለሰው አድርጌዋለሁ።

የአከራዬን ስልክ ተቀብዬ እናቴ ጋ ደወልኩ። ዝግ ነው።

አጎቴ ጋ ደወልኩ። ተይዟል። ደገምኩ። ተይዟል። የአክስቴ ልጅ ጋ። ተይዟል። ዘመዶቼ ሁሉ ስለ ሞቴ እርስ በርስ እየተደዋወሉ ለሟቿ አንድ መስመር ጠፋ!

ሴቶቹ በየስልካቸው ሞከሩልኝ። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ «ሰአሊ ለነ ቅድስት» እላለሁ።

እናቴን አውቃታለሁ። «ስልክሽን ቻርጅ ላድርግልሽ» የሚል ጎረቤት አያታልላትም። ቅዳሜ ጠዋት ያልተጠራ ዘመድ ደጇ ሲመላለስ ካየች ሽማግሌም አያስፈልጋትም። ልቧ ይነግራታል። እኔ «ፈራሁ» ማለት ስላፈርኩ እናቴ ብትሞትስ? እኔ በሕይወት እያለሁ፣ በእኔ ሞት?

አርባ ደቂቃ እንዲህ ሆንኩ። ውሃውስ መሬት ነበረው። ይህኛው የለውም።

በመጨረሻ በሰብለ ስልክ ገባልኝ።

«ጋሽዬ፣ እኔ ነኝ፣ ጽጌ! አልሞትኩም!»

እሱም «በሰው ሐዘን የሚቀልድ የማን ባለጌ ነው!» ብሎ ዘጋብኝ።

ጋሼ መኮንን በራሳቸው ስልክ ደወሉ፣ ማሉ፣ ተገዘቱ። አጎቴ አለቀሰ። ከዚያ ያለኝን ስሙ። «እናትሽ ጠርጥራ እህል አልቀምስም ብላለች። እስከ ነገ አናቆያትም ብለን ሽማግሌዎቹን ይዤ መጥቻለሁ። በሯ ላይ ነኝ።»

«ሽማግሌዎቹን መልስ! ስልኩን ብቻ ስጣት!»

አልሰማኝም። ደስታው አሳብዶታል። ስልኩ እንደተከፈተ በሩ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። እናቴ ወንድሟን ጋቢ ከለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ጋር አየች። አጎቴ፣ የተባረከው አጎቴ፣ ምን ብሎ ቢጀምር ጥሩ ነው?

«አልሞተችም!»

ምንም ላልተነገራት እናት!



 ቤቱ ሙሉ ሴት ትንፋሹን ይዟል። ድምፅ ያለው ወጡ ብቻ ነው፤ እያረረ።

ከዚያ የእናቴ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ መጣ።

«ማነው ያልሞተው?»

ተረፈች። ተመስገን፣ ተረፈች! ስልኩን ከአጎቴ ነጠቀችው።

«ውሃ ውስጥ ምን ልትሠሪ ገባሽ?»

«ስፖርት ነው እማዬ። እንዋኛለን፣ ከዚያ ብስክሌት እንነዳለን፣ ከዚያ እንሮጣለን።»

«ማን እያሳደዳችሁ?»

 ለካ ስድስት ወር ሙሉ አንድም ሰው ይህን አልጠየቀኝም!

አለቀስን፣ ሳቅን። ልትዘጋው ስትል ግን ያልጠበቅኩትን ጠየቀችኝ። «ሲፈልጉሽ የዋሉትን ሰዎች እግራቸው ላይ ወድቀሽ ይቅርታ ጠየቅሽ?»

አላሰብኩትም ነበር። ስለ እፍረቴ አስቤአለሁ፣ ስለ ወጤ አስቤአለሁ። ስለ እነሱ ግን አንዴም።

«ተነሺና ሂጂ» አለችኝ።

ማኅበርተኛው ያረረውን፣ ጨው የበዛበትን ወጥ በላ። ሰብለ ጎርሳ «ለሟች ደህና ሠርተሻል» አለች። እኔ ወደ ጋባ ሄድኩ።

ጋሼ መኮንን መገኘቴን ለአስተባባሪዎቹ ደውለው እስኪነግሯቸው ግማሹ ሰው አዝኖ ተበትኖ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስደርስ አንድ አስተባባሪ ብቻ ቀርቶ ድንኳን ያፈርሳል። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ቺፑን ፈትቼ ሰጠሁት። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓሣ ሻጯ መደረቢያዋን ስመልስላት «እኔ እኮ ነግሬያቸው ነበር» አለች። «አንዲት ሴት በዚህ ወጥታለች አልኳቸው። ስፖርተኛ ናት? አሉኝ። አይ፣ ስፖርተኛስ አትመስልም አልኳቸው።»

ይገባኛል።

ከዚያ ስለ አንድ ሰው ነገረችኝ። ዋናተኞቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ዳር ዳሩን በእግራቸው ሲያስሱ፣ እሱ ለብቻው ጥልቁ ላይ እየጠለቀ ይፈልግ ነበር። ረጅም፣ ጠና ያለ፣ ጺሙ የሸበተ ሰው። ጥርሱ እየተንገጫገጨ በጀልባ አወጡት፤ ተመልሶ ዘለለ። ደግመው አወጡት፤ ደግሞ ዘለለ። «ሚስትህ ናት?» ብለው ሲጠይቁት «አላውቃትም» አለ አሉ። በመጨረሻ ሰዎች በብርድ ልብስ ጠቅልለው መኪና ውስጥ አስገብተው ወሰዱት። ያኔ የእኔ መገኘት ገና አልተሰማም።

አስተባባሪው ስሙን አያውቅም። ሁሉም አንድ ዓይነት ቆብ አድርጎ ነበር፤ በዚያ ሁካታ ቁጥሩን ያየ የለም።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ጋባ የነበራችሁ! ከእኛ ሰዎችም የተወዳደራችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ይህን ሰው የምታውቁት፣ ከጎኑ የቆማችሁ፣ ብርድ ልብሱን ያለበሳችሁት ካላችሁ፣ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የማታውቁትም ሼር አድርጉት። እንደፈለጋችሁ ሳቁብኝ፤ ስሜንም አትሸፍኑልኝ።

ብቻ ከመተኛቱ በፊት አግኙትና እዚያ ታች ማንም እንደሌለ ንገሩልኝ።