ባለ ዱንጉዛው ሙታንታ

ሰው ስለ ሸሚዙ በአደባባይ ያወራል፤ ስለ ሙታንታው ግን ለሚስቱም አይተነፍስም። ሱሪ ሲጠብ ለታናሽ ወንድም ይተላለፋል፣ ጋቢ ሲያረጅ የሕፃን መጠቅለያ ይሆናል፣ ካልሲ እንኳ ሲቀደድ ኳስ ይሠራበታል። ሙታንታ ሲያረጅ የት እንደሚሄድ ግን እስካሁን የነገረኝ የለም። እናንተም አትነግሩኝም፤ እኔም አልጠይቃችሁም።

ሌላም የሚገርመኝ ነገር አለ። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ገብተን ከሰልባጅ ክምር የፈረንጅ ኮት እንመርጣለን። ባለቤቱ ይኑር ይሙት አንጠይቅም። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሞት አይጋባም መሰለን። የጎረቤታችን ሟች ልብስ ሲሆን ግን እጃችንን እንሰበስባለን። የሚያስፈራን የምናውቀው ሰው ሞት ብቻ ነው።

ሥራዬ የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነው። ከአሥረኛ ክፍል ወጥቼ ያገኘሁት ሥራ ነው፤ አላማርርበትም። ደብተሬን ይዤ ግቢ ለግቢ እዞራለሁ። በብዙ ግቢ ቆጣሪው ያለው ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ነው። ጎንበስ ብዬ ቁጥር ሳነብ የቤተሰቡ ገበና አናቴ ላይ ይንጠባጠባል። ማን እንዳገባ፣ ማን እንደወለደች፣ የማን ባል ቤቱን ጥሎ እንደሄደ ገመዱ ይናገራል። ቆጣሪውም ይናገራል። ልጅ የተወለደበት ቤት ቁጥሩ ይሮጣል። ልጅ የሞተበት ቤት ያዘግማል። ይህንን ያወቅኩት የራሴን ቤት ቆጣሪ ሳነብ ነው።

ልጄ በረከት ሁለት ዓመት ተኩሉ ነበር። ሦስት ቀን አተኮሰው፤ በአራተኛው ቀበርነው። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የሚስቴ አባት ኦቾሎ መንደር ሸማኔ ናቸው። ዱንጉዛ ይሠራሉ፤ ሽማግሌ አደባባይ ሲወጣ የሚለብሰውን፣ ቀይና ቢጫ በጥቁር ላይ የተሰባጠረበትን የጋሞ የክብር ልብስ። አንድ ጊዜ የተረፋቸውን ቁራጭ ከነጭ ጥጥ ጋር አሰፍተው ለልጁ ስድስት ሙታንታ ላኩለት። የወገቡ ዙሪያ ዱንጉዛ ነው።

«አባዬ፣ የሽማግሌ ልብስ በልጅ ቂጥ ላይ?» ብላ ሚስቴ ሳቀችባቸው።

«እሱስ ነገ ሽማግሌ አይደለም?» አሉ።

በአርባ ምንጭ ሙቀት ደግሞ ልጅ ከሙታንታ ሌላ ምን ይለብሳል? ሰፈሩ በሙሉ በረከትን የሚያውቀው በወገቡ ነበር።

አርባው ካለፈ በኋላ የሰፈር ሴቶች መጥተው ልብሱን ለነዳያን ወሰዱ። ሸሚዙን፣ ቁምጣውን፣ ጫማውን። ሙታንታዎቹን አልጋው ላይ ትተዋቸው ሄዱ። «ይሄ አይሰጥም፤ ጣለው» አለችኝ አንደኛዋ ከበር ተመልሳ። የት ልጣለው? ገንዳ ብጥለው ውሻ በየመንገዱ ይጎትተዋል። ኩልፎ ወንዝ ብጥለው ጫሞ ሐይቅ ይገባል፤ ወይ አንዱ አሳ አጥማጅ በመረብ ያወጣዋል፣ ወይ አዞ ይለብሰዋል። ላቃጥለው ብዬ ክብሪት ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ክብሪቱን ይዤ ተመለስኩ።

«እንደፈለግክ አድርግ፤ ብቻ እኔ አልየው» አለችኝ ሚስቴ።

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ የሰፈሩ ወጣቶች ለተቸገሩ ልብስ ማሰባሰብ ጀመሩ። አጥር ላይ ወረቀት ለጠፉ፤ «የታጠበ ልብስ እንቀበላለን። የውስጥ ልብስ አንቀበልም» ይላል። ችግረኛ ሱሪ እንጂ ሙታንታ አይቸግረውም ማለት ነው። አምስቱን አጥቤ፣ አድርቄ፣ በራሴ አሮጌ ሱሪ እግሮች ውስጥ ጠቅጥቄ አስረከብኩ። ተቀባይዋ መዘን መዘን አድርጋ «የድሮ ሱሪ መቼም ክብደት አለው» አለችኝ።

ስድስተኛውን አልሰጠሁም። የሥራ ቦርሳዬ ውስጥ አኖርኩት። ባልደረቦቼ የቆጣሪ መስታወት መወልወያ ይመስላቸዋል። ወልውዬበት አላውቅም።

በጥቅምት እትዬ የሺ ግቢ ገባሁ። እትዬ የሺ ከጎጃም በአስተማሪነት መጥተው እዚሁ ጡረታ የወጡ፣ ዛሬም ሰውን ሁሉ እንደ ተማሪ የሚያዩ ሴት ናቸው። ጎንበስ ብዬ ሳነብ ማጅራቴ ላይ ውሃ ጠብ አለ። ቀና አልኩ። ባለ ዱንጉዛ ወገብ፣ አምስት፣ ተደርድሯል።

ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ።

«የማን ነው ይሄ፣ እትዬ?»

«የታደለች ነዋ! የኋላውን ክፍል የተከራየችው፣ ከጫሞ አሳ እያመጣች የምትሸጠው፣ ከገረሴ የመጣችው። ሁለት ልጅ ቀብራ ይሄ ሦስተኛዋ ነው። ምነው አንተ ልጅ፣ አሁን ደግሞ ሙታንታም ታነባለህ?»

ሳቅኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ሜዳ አልወደቀም አልኩ። ደስታው እስከሚቀጥለው ንባብ ቆየ። በኅዳር ስመለስ ገመዱ ባዶ ነው።

«ልጁ አተኮሰው። ዛሬ ሁለት ቀኑ» አሉ እትዬ የሺ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኔ ያወረስኩት ጨርቁን ብቻ ነው ብዬ ነበር። አውቃለሁ፤ ወባ በትንኝ እንጂ በሙታንታ አይተላለፍም። ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ግን ግድግዳው ልጅ ቀብሮ አያውቅም። ብናገርና ልጁ ቢሞት ገዳዩ እኔ ነኝ። ዝም ብልና ቢሞትም እኔ ነኝ። ነገ ሦስት፣ ከነገ ወዲያ አራት። እንቅልፍ የሚባል አልነበረም።

በማግስቱ የንባብ ደብተሬን ለሰበብ ብብቴ ሥር ይዤ ሄድኩ። ታደለች ልጁን በነጠላ አዝላ ደጃፏ ላይ ቆማለች።

«ትናንት አላነበብክም እንዴ?»

«ልጁ እንዴት ነው፣ እህቴ?»

«ጤና ጣቢያ ወስጄው መድኃኒት ጀምሯል። ትኩሳቱ ይወጣል፣ ይወርዳል።»

«ያ ባለ ዱንጉዛው… የሞተ ልጅ ልብስ ነው። የእኔ ልጅ። ደብቄ ነው የሰጠሁት። አውልቂለት።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«የበረከት ነው፤ አውቃለሁ» አለች። «በዚህ ሰፈር ያንን ወገብ የማያውቅ አለ? ልብሱ ሲታደል ሌሎቹ እያዩ ወረወሩት። እኔ ከመሬት ለቀምኩት።»

«አልፈራሽም?»

«ሁለቱን ልጆቼን በአዲስ ልብስ ነው ያሳደግኩት፣ ወንድሜ። አዲስ ሲያይ ሞት ይመጣል። ይሄንን ግን ያውቀዋል። ቢመጣም ‹ይሄንንማ ወስጄዋለሁ› ብሎ ያልፋል።»

ሞትን እንደኔ ያለ ሠራተኛ አድርጋዋለች፤ አንዴ ያነበበውን ቆጣሪ በዚያው ወር ደግሞ የማያነብ።

«ታዲያ ለምን አተኮሰው?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው። አምስቱንም ባንዴ አጠብኩ። ዝናብ ሆነና ሳይደርቅ ዋለ። ያን ቀን ሞት ራቁቱን አገኘው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እናንተ ገመድ ላይ ስድስት ነበር። አሳ ይዤ ሳልፍ አይ ነበር። አንዱ የት ሄደ? አምስቱ ሲታጠብ የሚለብሰው እንዲኖር ነው።»

ለካ ገመድ የማነበው እኔ ብቻ አይደለሁም።

የለም ልል አፌን ከፈትኩ። ልጁ ከጀርባዋ በቀሉ ዓይኖቹ አየኝ። ቦርሳዬን ከፍቼ አወጣሁት። ተቀብላ አገላበጠችው፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«አልታጠበም።»

«አላጠብኩትም።»

የወለደች ናት፤ ለምን አላለችኝም። «ይዘኸው ሂድ ወንድሜ» አለችና መለሰችልኝ።

መልሼ ዘረጋሁላት።

«እጠቢው» አልኩ።

ቧንቧውን ከፈተች። እኔ ወደ እሷ አላየሁም። ቆጣሪው ላይ ጎንበስ ብዬ መርፌው ሲዞር አየሁ። ሲያቆም ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ለሚስቴ ነገርኳት። «ነገ ስንተኛ ቀኑ ነው?» አለችኝ።

«አራተኛ።»

አራተኛውን ቀን ሁለታችንም እህል ሳንቀምስ ዋልን። አምስተኛው ቀን ጠዋት እሷ ራሷ አሳ ልግዛ ብላ ወጣች። እኛ ቤት አሳ አይወደድም። ስትመለስ «ቁጭ ብሎ ሙዝ ይበላል» አለች፤ አሳውን ለድመት ሰጠች።

ነርሷ ያዳነው ክኒኑ ነው ትላለች። እትዬ የሺ ጸሎቴ ነው ይላሉ። ታደለች ምን እንደምትል ታውቃላችሁ። እኔ ከማንም ጋር አልተከራከርኩም፤ ክኒኑንም ጸሎቱንም ሙታንታውንም ያልሞከረ ሰው ካለ እሱ ይከራከር።

በታኅሣሥ ለንባብ ስገባ እትዬ የሺ ከበሩ ተቀበሉኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ቆጣሪያችሁ ተበላሽቷል። አሻቅቧል! እስቲ በደንብ እየው።»

ጎንበስ አልኩ። አናቴ ላይ ስድስት ወገብ ይንጠባጠባል። አንዱን ቁጥር ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

«አልተበላሸም፣ እትዬ» አልኩ። «ልጅ አለ።»

ጻፍኩትና ወጣሁ።