የአክስቴ የየሻረግ ድምፅ ሲጫን

ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይላሉ። የዛሬውን ሕልሜን ግን ለፈቺ አልሰጥም፤ እስካሁን የደረሰብኝ ይበቃኛል።

ያየሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ በአክስቴ በየሻረግ አርባ። አክስቴ ሙሾ አውራጅ ነበረች። በቡሬና በዙሪያዋ እሷ ያላለቀሰችለት ሟች ቢኖር ከሩቅ አገር መጥቶ የሞተ ነው። እሷ ራሷ ስትሞት ግን ሙሾ የሚያወርድላት ጠፋ። ለካስ ሁላችንም ልቅሶውን ለሷ ትተን ማልቀስ እንኳ አልተማርንም! ልጇ ማንጠግቦሽ የቀብሩ ዕለት አፏን ከፍታ ቃል አጣች፤ ይሄ እንደ እግር እሳት ሲያንገበግባት ሰነበተ።

ኋላ ሰርግ የሚቀርጸው የአጎታችን ልጅ፣ አክስቴ በሕይወት ሳለች በአሮጌ ካሜራው የቀረጸውን ቪዲዮ በፍላሽ ላከልን። ፋይሉ ላይ «የየሻረግ ሙሾ» ይላል። የሁላችንም ስልክ እምቢ አለው። ማንጠግቦሽ ፍላሹን በመሐረብ ቋጥራ ወደ እኔ መጣች፤ የከተማው ኮምፒውተር ጠጋኝ እኔ ነኝ።

«ወንድምዓለም፣ ሌላ ምንም አልጠይቅህም። በገዛ ድምጿ ለራሷ ታልቅስልኝ።»

«ለአርባዋ ይደርሳል» አልኳት።

እኔ ኮምፒውተር ላይ የምጭነው ነፃውን ሥርዓት ነው፤ ማንም እንደ ልቡ የሚወስደውን፣ ውስጡን ከፍቶ የሚያየውን፣ የሚያሻሽለውን። አሥር ዓመት ሰበክሁለት፤ ሰውም አሥር ዓመት ሳቀብኝ። ነፃው ሥርዓት አንዳንድ ቪዲዮ ሲሰጡት አይከፍትም። ቪዲዮውን የሚፈታው ፕሮግራም ባለቤት ስላለው አብሮ አይታደልም፤ ለብቻው ፈልጎ መጫን ነው። ይህን እያወቅሁ ዛሬ ነገ ስል አርባው ደረሰ። ሰው ድንኳን ገብቶ ሲቀመጥ እኔ ጓዳ ሆኜ ኮምፒውተሩን ከድምፅ ማጉያው ከሞንታርቦው አገናኘሁና ፕሮግራሙን መጫን ጀመርሁ። ኔትወርኩ ይንፏቀቃል። ለአርባው ድግስ ስንደክም ሦስት ቀን ስላልተኛሁ ወንበሩ ላይ ሸለብ አደረገኝ።

ድንኳኑ ተገልብጦ ነበር። ገመዶቹ ሰማይ ላይ ታስረዋል፤ ለቀስተኛው ከአግዳሚው በጉልበቱ ተንጠልጥሎ ንፍሮ ይበላል። ሙታኑ በር ላይ ተሰልፈው የሚገባውን ሁሉ እያቀፉ፣ «እግዜር ያጽናችሁ፣ መኖር እንደሆነ ለማንም አይቀርም» ይላሉ። ለቀስተኛው ሊመልስ አፉን ይከፍታል፤ ቃሉን ግን ሞንታርቦው እንደ ቆሎ እየቃመ ይውጠዋል።

መሐል ላይ አንድ ኮምፒውተር ነጭ ካባ ደርቦ ተቀምጧል። ሰዉን በተራ እያስተኛ ጀርባውን በካቻቪቴ ይፈታል። ማንጠግቦሽን ፈታና ውስጧን አየ።

«ነፃ ናት» አለ። «ድምፅ ግን አልተገጠመላትም።»

«ነፃ ከሆነች ለምን አትናገርም፣ ጌታዬ?»

«መናገር ትችላለች። መሰማት የሌላ ሰው ንብረት ነው። ሦስተኛው መስኮት ጠይቅ፤ ጮክ ብለህ ግን አትጠይቅ።»

ሦስተኛው መስኮት ላይ መነፅር ያደረገች ዶሮ እንቁላል ትጥላለች፤ የጣለችውን ሁሉ በማኅተም ትመታለች። ከፊቴ አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። ከሙታኑ ሁሉ ድምፅ የሌላት እሷ ብቻ ነበረች። ደረቷን ትደቃለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ምንም አይሰማም።

«ይቺ ሴትዮ ስንት ጊዜ ሞተች?» አለች ዶሮዋ።

«አንዴ ነው፣ እሜቴ።»

«አንዴ ብቻ ለሞተ አናስተናግድም። እሺ ይሁን፣ ስለ አንተ። ውሉን ላንብብ።»

ውሉን ስታነብ ክረምት ገባ፣ ወጣም። ዝናቡ ከመሬት ወደ ላይ ዘነበ። በመጨረሻ ዶሮዋ ቀና አለችና፣ «በል ጮክ ብላ እስማማለሁ ትበል» አለች።

«በየትኛው ድምጿ?»

«ስትስማማ በምንሰጣት።»

«ድምፁን ካላገኘች እንዴት ትስማማለች?»

«እሱን ውሉ አይልም።»

ያኔ አክስቴ ግንባር ላይ አንድ ሰማያዊ መስመር ብቅ አለና መሙላት ጀመረ። ሠላሳ፣ ስድሳ፣ ዘጠና። ዘጠና ዘጠኝ ላይ ቆመ። ትን እንዳለው ሕፃን ጀርባዋን መታ መታ አደረግሁላት፤ መስመሩ ንቅንቅ አላለም። ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተከለች። በሕይወቷ አንዴም ምንም ለምናኝ አታውቅም ነበር። እኔም ጨነቀኝና ባለኝ አቅም «እስማማለሁ!» ብዬ ጮህሁ።

ከአፌ የወጣው የአክስቴ ድምፅ ነበር።

ነቃሁ፤ ድምፁ አልቆመም። ለካስ ተጭኖ አልቋል። ማንጠግቦሽ ልትቀሰቅሰኝ ሳስታ ቪዲዮውን ራሷ ከፍታዋለች። አክስቴ ስክሪኑ ላይ ደጃፏ ተቀምጣ ሽንብራ ትለቅማለች። በጓዳው በር ሳይ ድንኳን ሙሉ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወገቡን አስሮ፣ ለልቅሶ ብድግ ብሏል። ሞንታርቦው ያስተጋባል።

«ወግድ! ሬሳ በሌለበት ሙሾ ይወርዳል እንዴ? ሟርተኛ! በል ያን ካሜራህን አጥፋልኝ። እኔ ስሞት ና፤ ያኔ እስኪበቃህ ትሰማለህ።»

ከዚያ ከት ብላ ሳቀች፤ ቀረጻው አለቀ።

ማንጠግቦሽ እንባዋ ጉንጯ ላይ እንዳለ ወደ እኔ ዞረች።

«ቀጥልልኝ እንጂ፣ ወንድምዓለም፤ ሙሾው ገና አልደረሰም» አለችኝ።