ቀን ያልተቆረጠለት ካርድ

አዲስ ነገር በወጣ ቁጥር ሠርግ የደረሰ የሚመስለው ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለገበሬ ማኅበራት ሶፍትዌር ከሚሠሩት አራት ወጣቶች መካከል ይህ ሰው እንዳላማው ነበር። እያንዳንዱ ሥራ በካርድ ተጽፎ የሚለጠፍበትን የኮምፒውተር ሰሌዳ ያመጣው እሱ ነውና፣ ባልደረቦቹ ከድጓ መምህር ባላነሰ ክብር “ሊቀ ሰሌዳ” ብለው ሾሙት።

ሊቀ ሰሌዳ ሰኞ ጠዋት ቦርሳውን ሳያስቀምጥ፣ “አዲስ ነገር መጥቷል!” ይላል። አንድ ሰኞ ካርዱ ቀለም አወጣ። በሌላው ሰኞ ካርድ ከካርድ ታስሮ፣ አንዱ ካላለቀ ሌላው አልነካ አለ። ባልደረባው ሥራነሽ የፕሪንተሩ ቀለም ማለቁን ብትነግረው እንኳ ካርድ ከፍቶ፣ “ባለቤቱ ማነው? ቀኑስ መቼ ነው?” ብሎ አፋጠጣት። እሷም የገዛ አባቱን ተዝካር በካርድ ነው የሚያስደግሰን እያለች ታማው ነበር። ኋላ ምላሴን በቆረጠው አለች።

በ2008 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሰሌዳው ማን ስንት ካርድ እንደጨረሰ በየስሙ በአረንጓዴ መስመር ማሳየት ጀመረ። እንዳላማው በደስታ ከፈተው። ባሕር ዳር ያለው አለቃ ደግሞ ዐርብ ዐርብ እያየ፣ መስመሩ ያጠረበትን ሰው ውል እንደማያድስ አስታወቀ።

በኅዳር የእንዳላማው አባት በትውልድ አገሩ በዲማ ታመሙ። ሌላ ልጅ የላቸውምና የሦስት ቀን ፈቃድ ይዞ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ዐርብ ሲደርስ መስመሩ ባዶ ነበር። አለቃውም፣ ይህ ሰው አለ ወይ ብሎ ጻፈ።

ሥራነሽ መጀመሪያ በቢሮው ጸጥታ እፎይ ብላ ነበር፤ እያደር ግን ጸጥታው አስጠላት። ባደገችበት በቁይ የታመመ ሰው አዝመራ ሜዳ ላይ አይቀርም። ጎረቤት፣ እሱም ሲድን በተራው ሊመልስ፣ በወንፈል ያጭድለታል፤ እህሉም በባለቤቱ ጎተራ ይገባል። ስለዚህ የእንዳላማውን ካርዶች እየሠራች፣ ስሙን ሳትነካ በስሙ ትጨርስለት ጀመር። ሌላው ባልደረባቸው ውበቱ፣ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ብሎ ሳቀባት፤ የእሷ ካርዶች እውነትም ቀናቸው አልፎ ቀልተው ነበር። ስቆ ሲያበቃ ግን እሱም ሁለት ካርድ ይዞ ተቀመጠ። በሁለተኛው ዐርብ አለቃው የእንዳላማውን መስመር አይቶ ስለ እሱ መጠየቁን ተወ።

እንዳላማው ሰኞ ጠዋት ጥቁር ለብሶ፣ ጸጉሩን ተላጭቶ መጣ። አባቱን ቀብሯል። እግዚአብሔር ያጽናህ አሉት። ሥራነሽ ያንን የሰለቻትን “አዲስ ነገር መጥቷል” ለመስማት ጓጓች፤ እሱ ግን ቦርሳውን አስቀምጦ ሰሌዳውን ከፈተ። የእሱ መስመር ከሁሉም ረዝሞ ነበር።

“እነዚህን እኔ አልሠራኋቸውም” አለ።

“ወንፈል ነው” አለችው።

“የአባባንም ጤፍ ጎረቤት እንዲህ አነሣላቸው” አለ። “ጎተራ ገብቷል ብዬ ነገርኳቸው። አልሰሙኝም።”

አለቀሰ። ስታማው የኖረችው ሥራነሽም አብራው አለቀሰች።

ከዚያ ፊቱን ጠርጎ አዲስ ካርድ ከፈተ፤ “ወንፈል መመለስ” ብሎ ጻፈ። በባለቤቱ ቦታ የራሱን ስም አስገባ።

“ቀኑስ መቼ ነው?” አለችው ሥራነሽ፣ ትንሽ ልታስቀው ብላ።

የቀኑን ቦታ ባዶውን ተወው።