ጋሽ ሐምዱ እና የመስኮቴ ዝኩኒ

ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ሁሉ መሬት የሌለው ገበሬ ጎረቤት አለው። ሰውዬው ግቢ የለውም፤ በረንዳው ለልብስ ማስጫ እንኳ አይበቃም፤ ግን ባዶ ጣሳ ካየ እጁ አያርፍም። የተሰነጠቀ ባልዲ፣ የዘይት ጀሪካን፣ አፉ የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ፣ ለእሱ ሁሉም እርሻ ነው። ደረጃ ላይ «እንደምን አደሩ» ስትሉት ስለ ቃሪያው ጤና ይነግራችኋል።

የእኛ ሕንፃ ገበሬ ክቡር ጋሽ ሐምዱ ናቸው። ተወልደው ያደጉት መርካቶ፣ አንዋር መስጊድ ጀርባ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዱባይ ተራ ጫማ ሲሸጡ ኖረው፣ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ሱቁን ትተው ቤት ገቡ። ማረሻ ያዩት በቴሌቪዥን ነው። ግብርናን የተማሩት ከስልካቸው ላይ ሲሆን፣ ቪዲዮው በማያውቁት ቋንቋ ስለሆነ የጎደለውን ከራሳቸው ይሞሉታል።

አንድ ጠዋት ደረጃ ላይ አስቆሙኝና «ዝኩኒ ላበቅል ነው» አሉኝ።

«የት?»

«ቤት ውስጥ ነዋ።»

መርካቶ የጠፋ ነገር የለም ይባላል። ጋሽ ሐምዱ አፈር ፍለጋ እስኪወጡ ድረስ እኔም አምን ነበር። ሲሚንቶው፣ ቆርቆሮው፣ ጨርቁ ሞልቷል፤ አፈር ግን የለም። በመጨረሻ ችግኝ ከሚሸጡ ሰዎች አንድ ጆንያ ገዝተው በተሸካሚ አስመጡ። ተሸካሚው ደረጃው መሃል ላይ አረፍ አለ።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው እንዲህ የከበደው?»

«አፈር ነው።»

«የምን አፈር?»

«የመሬት።»

ሰውዬው የጆንያውን አፍ ፈትቶ አየ፤ እጁን ከትቶም ዳበሰ። ከዚያ መልሶ አስሮ ተሸከመው።

ዘሩን ውሃ ውስጥ አሳድረው በትንሽ ኩባያ ዘሩት። ለቀናት ምንም የለም። ስጠይቃቸው «ገና ገበያውን እያጠና ነው» ይሉኛል። አጥንቶ ሲያበቃ ሁለት ወፍራም ቅጠሎች ይዞ ብቅ አለ፤ እሳቸውም ቂጡ ወደ ተበሳ ባዶ የቀለም ባልዲ አዛወሩት። ችግሩ ግን፣ ፊት ለፊት አዲስ ሕንፃ ስለተሠራ የጋሽ ሐምዱ ቤት ጸሐይ አያውቅም። ችግኙ ብርሃን ፍለጋ ተመዘዘ፤ ቀጥኖና ገርጥቶ የመብራት ገመድ መሰለ። ያኔ በሬን አንኳኩ።

«ጸሎት ልጄ፣ ያንቺ መስኮት ጸሐይ ያገኛል አይደል?»

«ያገኛል ጋሼ።»

«አየሽ፣ አንቺ ሥራ ውለሽ የምትገቢ ሰው ነሽ። ጸሐዩ ዝም ብሎ ይባክናል።»

ዝኩኒው ቤቴ ገባ። ጋሽ ሐምዱም አብረውት ገቡ። ቁልፍ ሰጠኋቸው፤ ምን ላድርግ። ቅጠሉ እንደ ትሪ ሰፋ፤ ባለፍኩ ቁጥር ክንዴን ይቧጭረኛል። መጋረጃ መዝጋት ቀረ። ልብስ የምቀይረው ሻወር ቤት ሆነ።

አበባው ሲመጣ ትልልቅና ቢጫ ነበር። ከአንዳንዶቹ ጀርባ ጣት የማታክል ዝኩኒ ትታያለች፤ ግን ሳትቆይ ትጠወልግና ትወድቃለች። አንዷ በፊታቸው ስትወድቅ ጋሽ ሐምዱ ከመሬት አንስተው መዳፋቸው ላይ ይዘዋት ቆዩ።

ስልካቸው ተጠይቆ የሰጠው መልስ፣ አበባው ወንድና ሴት አለው፣ የሚያገናኛቸው ንብ ነው የሚል ነበር። በማግሥቱ ማር ከሚሸጥበት ሄደው አንዲት ንብ በውሃ ፕላስቲክ ይዘው መጡ። በር ዘግተን ለቀቅናት። አበባውን ዞር ብላም አላየችው፤ በቀጥታ ሄዳ ሻይ ብርጭቆዬ አፍ ላይ አረፈች።

በዚያው ሰሞን ከታች የሚኖሩት እትዬ አመተ ሥላሴ ወደ እኔ ቤት ወጡ። ከባልዲው የሚፈሰው ውሃ ኮርኒሳቸውን አልፎ አልጋቸው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«ጋሽ ሐምዱ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ላይ ዝኩኒው እየጠጣ ታች እኔ እየራስኩ ነው። እስከ እሑድ ይነሣልኝ።»

ጋሽ ሐምዱ አልተከራከሩም። «እሺ እትዬ» ብለው ወጡ። በነጋታው ደግሞ ዘመድ ሞቶባቸው ወደ ወራቤ ሄዱ።

ዓርብ ገና ሲነጋ ስልኬ ጠራ።

«ጸሎት፣ ተከፍታለች?»

«ማን?»

«ሴቷ አበባ።»

ሄጄ አየሁ። ተከፍታለች፤ አጠገቧም አንድ ወንድ አለ፤ ነገርኳቸው። «እንግዲያው ወንዱን ቁረጪና ቢጫ ቅጠሉን ላጪለት። የሴቷ መሃል ላይ ቀስ አድርገሽ አሻሺው። ቶሎ በይ፣ ረፋድ ላይ ትዘጋለች።» ከኋላቸው የለቀስተኛ ድምፅ ይሰማል። «ቢስሚላሂ በይ ደግሞ።»

«እኔ ክርስቲያን ነኝ ጋሼ።»

«በስመ አብ በይ እንግዲያው። ብቻ ዝም ብለሽ አትጀምሪ።»

በስመ አብ ብዬ አሻሸሁት።

እሑድ እትዬ አመተ ሥላሴ መነሣቱን ሊያረጋግጡ መጡ። አበባዋ ጠውልጋለች፤ ከጀርባዋ ያለችው ዝኩኒ ግን ጣት አክላ፣ ታብረቀርቃለች። ጎንበስ ብለው አዩዋት።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት።»

ወደ ቤታቸው ወረዱ። ተመልሰው ሲመጡ ሳፋ ይዘዋል፤ ባልዲውን በእኔ አስነሥተው ሳፋውን ከሥሩ አስቀመጡት።

ጋሽ ሐምዱ ከለቅሶ የተመለሱት ዝኩኒዋ ስትደርስ ነበር። ራሳቸው ቆርጠው፣ ራሳቸው በነጭ ሽንኩርት ጠበሷት፤ እትዬ አመተ ሥላሴንም ጠርተን እኔ ቤት ተቀምጠን ለሦስት ተካፈልናት። ከጉሊት ከሚገዛው የተለየ ጣዕም አልነበራትም። የተለየች ናት ተባባልን።

ገና እየበላን የጋሽ ሐምዱ ልጅ ሰልሳቢል ገባች። ከከተማው ዳር፣ ፉሪ፣ ግቢ ያለው ቤት ሠርታለች፤ የመጣችው አባቷን ልትወስድ ነው።

«አባ፣ ግቢ አለ፣ አፈር አለ፣ ጸሐይ አለ። ብቻህን እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

ጋሽ ሐምዱ ሳህናቸውን አዩ። ልጅቱ ያለችው ሁሉ ልክ ነበር። እኔም መጋረጃዬን መዝጋት ከናፈቀኝ ስንት ጊዜዬ።

«ፉሪ ነፋስ ይበዛል» አልኩ። «ዝኩኒ ነፋስ አይችልም።»

ይህን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ፉሪ ሄጄም አላውቅ።

«ጸሐዩም ይበረታበታል» አሉ እትዬ አመተ ሥላሴ፣ ቀና ሳይሉ።

ሰልሳቢል ተራ በተራ አየችን። ጋሽ ሐምዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሰማሽ ልጄ? እኔ አይደለሁም ያልኩት። ባለሙያዎቹ ናቸው።»

ሰልሳቢል የመኪናዋን ቁልፍ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ቁጭ አለች። እትዬ አመተ ሥላሴ አንድ ሳህን ሊጨምሩላት ተነሡ።